ሳምቡሳ በሰሊጥ አገር፦ የካማሺ መጥበሻና የባሕር ማዶ ዘይት

ሳምቡሳ በስሱ ከተዳመጠ የስንዴ ሊጥ ተቆርጦ፣ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ፣ ምስር ወይም የተፈጨ ሥጋ ተሞልቶ በጋለ ዘይት የሚጠበስ ምግብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከተሞች መንገድ ዳር ተጠብሰው ከሚሸጡ ምግቦች መካከል ከብስኩትና ከቦንቦሊኖ ጋር በመጀመሪያው ረድፍ ይሰለፋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ እስከ ካማሺ ባሉት ከተሞችም ከሻይ ጋር የሚቀርብ የዘወትር መክሰስ ነው። ይሁን እንጂ በካማሺ መንገድ ዳር የሚጠበሰው ሳምቡሳ ከአካባቢው አፈር የበቀለ ነገር እምብዛም የለበትም፤ ስንዴውና ምስሩ ከደጋ ይወርዳሉ፣ ዘይቱ ደግሞ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ተጭኖ ይመጣል። በመሆኑም የአንዱ ሳምቡሳ መጠንና ጥራት የመንገዱን ሰላም፣ የብርን ምንዛሪና የዓለምን የዘይት ገበያ ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ጉዳዩን ለየት የሚያደርገው ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰሊጥ፣ ኑግና ለውዝ በሚበቅልበት፣ ማለትም የዘይት ጥሬ ሀብት ባለበት ምድር መሆኑ ነው።

ከባግዳድ ማዕድ እስከ ምዕራብ ኢትዮጵያ

የሳምቡሳ የትውልድ ሐረግ የሚመዘዘው ከፋርስና ከአጎራባች የእስያ አገሮች ነው። የፋርሱ ታሪክ ጸሐፊ አቡል ፋድል ባይሃቂ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው የታሪክ መጽሐፍ ይህን ምግብ ጠቅሶታል። እ.ኤ.አ. በ1226 የተጻፈው የአል ባግዳዲ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ደግሞ ሳንቡሳጅ በሚል ስም አሠራሩን ያስቀምጣል፤ ስስ ቂጣ እየተቆረጠ በሥጋ ይሞላል፣ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፣ ጠርዙ በሊጥ ይጣበቃል፣ ከዚያም በሰሊጥ ዘይት ይጠበሳል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በደልሂው ሱልጣን በሙሐመድ ቢን ቱግሉክ ግብር ላይ የቀረበውን ሲገልጽ፣ የተከተፈ ሥጋ ከለውዝ ዓይነቶች፣ ከሽንኩርትና ከቅመማ ቅመም ጋር በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ እንደሚጠበስ ጽፏል። ምግቡ በሄደበት ሁሉ የተጠበሰው አገሩ ባፈራው ስብ እንደነበር ከእነዚህ ሁለት ምስክሮች መረዳት ይቻላል።

ከሕንድ ወደ ምሥራቅ የዘለቀው ቅርንጫፍ በማሌዥያና በሲንጋፖር ካሪፓፕ የሚባለውን የማላይ ጥብስ አስገኝቷል። ካሪፓፕ እንደ ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ሳይሆን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው፣ ሊጡ ስብ የበዛበት፣ ጠርዙ በጣት እየተቆነጠጠ የሚጎነጎን፣ ውስጡም በካሪ ቅመም የበሰለ ድንችና የዶሮ ሥጋ የሚሞላ ምግብ ነው፤ በአሠራሩ የሕንድ ሳሞሳና አውሮፓውያን ያመጡት በሊጥ የተሸፈነ ጥብስ እንደተገናኙበት ይታመናል። የሚሸጠውም፣ ልክ እንደ ሳምቡሳ፣ ከመጥበሻው በወጣበት ቅጽበት በመንገድ ዳር ነጋዴ እጅ ነው።

ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣው ቅርንጫፍ የቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ንግድ ተከትሏል። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የባቡር ሐዲድ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎችን ከነማዕዳቸው ወደ መሀል አገር አስገብተዋል። የቤኒሻንጉል ምድር ግን ሌላም በር ነበረው። የበርታ ሕዝብ የሚኖርበት የአሶሳ አካባቢ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ጋር ለረጅም ዘመን ሲነግድ የኖረ፣ በእስልምናና በዓረብኛ ቋንቋ ከናይል ሸለቆ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት የተጠቃለለውም እ.ኤ.አ. በ1898 ገደማ በራስ መኮንን ዘመቻ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ከወሎና ከሌሎች በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች በአሶሳ ዙሪያና በመተከል እንዲሰፍሩ ሲደረግ የደጋው የጥራጥሬ ወጥና የዳቦ ልማድ አብሯቸው ወርዷል። ከ1997 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በሸርቆሌ፣ በኋላም በቶንጎና በባምባሲ የተከፈቱት የስደተኞች መጠለያዎች የሱዳንን የምግብ ልማድ ይበልጥ አቅርበውታል።

የዞኑ ምድርና ማዕድ

ካማሺ ከክልሉ ሦስት ዞኖች አንዱ ሲሆን፣ በምዕራብ የዳቡስ ወንዝ ከአሶሳ ዞን፣ በሰሜን የዓባይ ሸለቆ ከመተከል ይለዩታል፤ በደቡብና በምሥራቅ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ይዋሰናል። በዞኑ የጉሙዝ ሕዝብ ከኦሮሞ፣ ከአማራ፣ ከበርታና ከሌሎችም ጋር ይኖራል፤ አማርኛም የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። የነባሩ ማዕድ መሠረት ማሽላ፣ ዳጉሳና በቆሎ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የሚሠራው ገንፎ በባሚያ ወይም በቅጠላ ቅጠል ወጥ ይበላል፤ በክረምት ከቆላው ቀርከሃ ሥር የሚወጣው ለጋ ቡቃያ ተቀቅሎ ይቀርባል፤ ዓሣና ማርም የዚሁ ማዕድ አካል ናቸው። በብዙ ዘይት ውስጥ አጥልቆ መጥበስ ወደዚህ ማዕድ የገባው ከከተማ፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከመናኸሪያ ጋር ነው። ሳምቡሳም ስለዚህ የቤት ምግብ ሳይሆን የመንገድ ምግብ ሆኖ ጸንቷል።

ለዚህ መጽናት ሃይማኖታዊው የቀን አቆጣጠር ትልቅ ድርሻ አለው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 የነበረ ሲሆን፣ ከመቶው 45 ያህሉ የእስልምና፣ 33 ያህሉ የኦርቶዶክስ፣ ከ13 በላይ የሚሆኑት ደግሞ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ነበሩ። በረመዳን ወር ጀንበር ስትጠልቅ ጾም የሚፈታው በቴምር፣ በሾርባና በሳምቡሳ ነው። ኦርቶዶክሳዊው ምእመን በበኩሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በማይበላባቸው በርካታ የጾም ቀናት የምስሩን ሳምቡሳ ያለ ስጋት ይመገባል፤ ሊጡ በውሃ የሚለወስ፣ ጥብሱም በአትክልት ዘይት በመሆኑ ሥርዓቱን የሚያፈርስ ነገር የለበትም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ሲገቡ፣ ሁለቱ ጾመኞች አንዱን መጥበሻ የሚጋሩባቸው ሳምንታት ሆኑ፤ የሚለያያቸው ሰዓቱ ብቻ ነበር። በአንድ ክልል ውስጥ የሁሉም እምነት ተከታይ ያለ ጥያቄ ከአንድ ሻጭ እጅ ተቀብሎ የሚበላው ምግብ ብዙ አይደለም፤ የምስር ሳምቡሳ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው።

መጥበሻው አጠገብ

የቆላው ፀሐይ ሲበርድ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኞች ከቢሮ በሚወጡበት ሰዓት፣ ከሰል ምድጃዎች ከየሻይ ቤቱ ደጃፍና ከየጉሊቱ ዳር ይቀጣጠላሉ። ከምድጃው ላይ ጎድጎድ ያለ የብረት መጥበሻ፣ ከጎኑ ቀዳዳ ያለው ጭልፋ፣ ከፊት ለፊቱም በጨርቅ የተሸፈነ ጥሬ ሳምቡሳ የተደረደረበት ትሪ ይቀመጣል። ሻጮቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ተማሪዎቹ ዕድሜዋ ገፋ ያለችውን ሻጭ «እማማ፣ ከትኩሱ ይስጡን» እያሉ ሲጠሯት፣ የባጃጅ አሽከርካሪው ከመሪው ሳይወርድ እጁን ይዘረጋል፤ ሳምቡሳው ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣል።

ይህ ሽያጭ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ድፍኑ ምስር ከማለዳ ጀምሮ ተለቅሞና ታጥቦ ይቀቀላል፤ ፍሬው ሳይፈርስ፣ ጥርስ ሲነካው የሚበጠስ ሆኖ ሳለ ከእሳት ይወጣል፤ ውሃው በሚገባ ይጠነፈፋል። ከዚያ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና እንደ ሻጯ ልማድ ቁንዶ በርበሬ ይጨመርበታል። ሙሌቱ ደረቅ መሆኑ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ እርጥብ ሙሌት ሊጡን ከውስጥ ያላላዋል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባም እንፋሎቱ ጠርዙን በጥሶ ይወጣል፣ የሾለከው ምስር ከመጥበሻው ሥር እያረረ ዘይቱን ያጠቁረዋል። የማላይ ጠባሾችም የካሪውን ድንች ከመጠቅለላቸው በፊት ውሃው እስኪመጥ ድረስ የሚያበስሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሊጡ የሚሠራው በተለምዶ ፉርኖ ከሚባለው ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከጥቂት ዘይት ሲሆን፣ ጠንከር ተደርጎ ከታሸ በኋላ ተሸፍኖ እንዲያርፍ ይተዋል። ዕረፍቱ ያስፈለገው ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን በመታሸት ጊዜ የሚፈጥረው መለጠጥና መሰብሰብ እንዲረጋ ነው፤ ያላረፈ ሊጥ በመዳመጫ ሲዳመጥ ተመልሶ ይኮማተራል። ጥንቁቅ ሠራተኛ ሁለትና ሦስት ድቡልቡል ሊጦችን መካከላቸውን ዘይትና ዱቄት ነስንሳ፣ አንድ ላይ ደራርባ ትዳምጣቸዋለች፤ በምጣድ ላይ ለጥቂት ሰኮንዶች አሙቃም አንዱን ከአንዱ ትልጠዋለች። በዚህ መንገድ የሚገኘው ስስ ቂጣ ተቆርጦ እንደ ጥቅልል ኪስ ይታጠፋል፣ ይሞላል፣ አፉም ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በሚሠራ ሙጫ ይዘጋል።

የዘይቱ ግለት በቴርሞሜትር ሳይሆን በቁራሽ ሊጥ ይለካል። ቁራሹ ሰምጦ ከቀረ ዘይቱ ገና ነው፤ ወዲያው አረፋ ከብቦት ወደ ላይ ከተነሣ ደርሷል፤ ገብቶ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ መቀነስ አለበት። ይህ ልማዳዊ መለኪያ ሳይንሱ ለእንዲህ ያለ ጥብስ ከሚመክረው ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጋር የሚቀራረብ ነው። በዚህ ግለት በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ እየተገፋ ይወጣል፤ በመጥበሻው ላይ የሚታየው አረፋም ይኸው እንፋሎት ነው፤ የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከላከል ሽፋኑ ደርቆ ይቀላል። ዘይቱ ከቀዘቀዘ ግን የእንፋሎቱ ግፊት ስለሚዳከም ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል። ከመጥበሻው ከወጣ በኋላም አደጋው አላለፈም፤ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የቀረው እንፋሎት ወደ ውሃነት ስለሚመለስ በላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሻጯ ትኩሱን ሳምቡሳ በጭልፋው ላይ አራግፋ የምታጠነፍፈው ለዚህ ነው። ገዢው ትኩሱን የሚፈልግበትም ምክንያት ከጣዕም ምርጫ ያለፈ ነው፤ ሳምቡሳው ሲያድር የምስሩ እርጥበት ወደ ደረቁ ሽፋን እየሰረገ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ቢሞቅም የቀድሞው መንኮሽኮሽ አይመለስም።

የዘይቱ ጉዞ

ከሳምቡሳ ግብዓቶች ሁሉ ለገበያ ንፋስ ይበልጥ የተጋለጠው ዘይቱ ነው። ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት የምግብ ዘይት አብዛኛውን ከውጭ ስታስገባ የኖረች ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሕዝቡ «የሚረጋ ዘይት» የሚለው የፓልም ዘይት ነው። የፓልም ዘይት ከዘምባባ ወገን ከሆነ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ሲሆን፣ ከዓለም ምርት ከመቶው 80 እጅ በላይ የሚገኘው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። ስለዚህ የማላይ ካሪፓፕና የካማሺ ሳምቡሳ ከጥንታዊ ዝምድናቸው ሌላ ዛሬም በአንድ ዓይነት ዘይት ይገናኛሉ፤ ልዩነቱ ለአንዱ ዘይቱ የጓሮ ምርት፣ ለሌላው ግን በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና መሀል አገር ገብቶ፣ ከዚያ በነቀምት መስመር ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሸቀጥ መሆኑ ነው። በመጨረሻ ሻጯ እጅ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከጀሪካን እየተቀዳ በሃይላንድ ጠርሙስ ተለክቶ ነው።

የፓልም ዘይት ለጠባሽ የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ክፍሉ የረጋ ስብ በመሆኑ በግለት ቶሎ አይበላሽም። ያው የረጋ ስብ ግን ሲበዛ በደም ውስጥ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ በማድረግ ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዘይቱ ሳይለወጥ በተደጋጋሚ ሲጠበስበት ነው፤ በግለት፣ በአየርና ከምግቡ በሚወጣ ውሃ ምክንያት ዘይቱ እየተበታተነ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋው አልጠፋ ይላል፣ በአነስተኛ ግለትም መጨስ ይጀምራል። በርካታ የአውሮፓ አገሮች የእነዚህ የብልሽት ውጤቶች መጠን ከዘይቱ ከመቶው 25 ገደማ ሲደርስ መጣል እንዳለበት በሕግ ደንግገዋል። በመንገድ ዳር መጥበሻ ግን በጠቆረው ላይ አዲስ እየጨመሩ ማራዘም የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ግዴለሽነት ሳይሆን ዋጋው ነው።

ይህ ዋጋ በቅርብ ዓመታት በሦስት አቅጣጫ ተናውጧል። የመጀመሪያው የዓለም ገበያ ነው፤ በዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይት አቅርቦት ተስተጓጉሎ በነበረበት ወቅት፣ ኢንዶኔዥያ ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደች። ሁለተኛው ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሦስተኛው የራሱ የካማሺ ሲሆን፣ እርሱም መንገድ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የዞኑ ባለሥልጣናት በመንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ በካማሺና በአጎራባች የወለጋ ዞኖች በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ዞኑን ከቀሪው አገር የሚያገናኘው መንገድም በተደጋጋሚ ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከታጣቂዎች ጋር የሰላም ስምምነት እስኪፈራረም ድረስ፣ ከደጋ የሚመጣ ዱቄት፣ ምስርና ዘይት ማጣት የካማሺ ገበያ የታወቀ ችግር ነበር።

ዋጋ ሲንር ሻጯ የምታደርገው ነገር ለኢኮኖሚ ተመራማሪ ትምህርት ይሆናል። ደንበኞቿ ተማሪዎችና ዝቅተኛ ደመወዝተኞች በመሆናቸው የአንዱን ሳምቡሳ ዋጋ እንደ ልቧ መጨመር አትችልም፤ ስለዚህ ሳምቡሳው ያንሳል፣ ምስሩ ይሳሳል፣ ዘይቱም ከሚገባው በላይ ይቆያል። በገንዘብ ያልታየው የዋጋ ንረት በመጠንና በጤና ይከፈላል።

በደጅ ያለው ዘይት

ካማሺ ግን የዘይት ድሃ አይደለችም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን ሲመድብ ከሁመራና ከጎንደር ለይቶ «የወለጋ ሰሊጥ» የሚለው ዓይነት የሚበቅልበት ምዕራባዊ ቀጣና የካማሺ ጎረቤት ነው፤ ይህ ሰሊጥ በዘይት ይዘቱ ስለሚታወቅ ለመጭመቂያ ይፈለጋል። ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ለውዝም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በክልሉ ከሁለቱ ሌላ ኑግና አኩሪ አተርም ይመረታሉ። ነገር ግን ሰሊጡ በአብዛኛው እንደተወቃ ተጭኖ ወደ ቻይናና ወደ እስራኤል ላሉ ገበያዎች ይላካል፤ በሚገኘው የውጭ ምንዛሪም የፓልም ዘይት ተገዝቶ ይመለሳል። ሀገሪቱ ይህን ለመቀየር ሞክራለች፤ በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው የፊቤላ ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ ተነሥቷል። ይሁን እንጂ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በበቂ ጥሬ ዕቃ እጥረት ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ገበሬው ለውጭ ገበያ ሲሸጥ የሚያገኘው ዋጋ የአገር ውስጥ ጨማቂ ከሚያቀርብለት ሲበልጥ ይህ መሆኑ አይቀርም።

ለካማሺ የሚስማማው መፍትሔ ስለዚህ በትልቅ ፋብሪካ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል አይደለም። በወረዳ ከተማ የሚተከል፣ ፍሬውን በጠመዝማዛ ብረት እየገፋ የሚጨምቅ አነስተኛ ማሽን የአንድ አካባቢን ገበያ ሊመግብ ይችላል፤ የሚተርፈው ፋጉሎም ለከብት መኖ ይሸጣል። ለመጥበሻ የሚሻለው ከፍ ያለ ግለት የሚችለው የተጣራ የለውዝ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ነው፤ ያልተጣራ የሰሊጥ ዘይት ቶሎ ስለሚጨስ በድብልቅ ቢገባ ይመረጣል፤ በተፈጥሮው የያዛቸው እንደ ሴሳሞል ያሉ ንጥረ ነገሮች ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳሉና። የለውዙ ጥንቃቄ ግን ሊታለፍ አይገባም፤ በእርጥበት የተቀመጠ ለውዝ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ስለሚይዘው፣ ከማሳ ጀምሮ በሚገባ መድረቅና በደረቅ ጎተራ መቀመጥ አለበት፤ ፋጉሎውም ሳይመረመር ለከብት መቅረብ የለበትም።

ሁለተኛው መፍትሔ ቦታ ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 ወደ 18,000 የሚጠጉ የመንገድ ዳር ነጋዴዎቿን መዘገበች፤ ከ1971 እስከ 1986 ባሉት ዓመታትም አላባረረቻቸውም፣ ውሃ፣ የፍሳሽ ማስወገጃና ጣሪያ ወዳላቸው የጋራ ማዕከላት አዛወረቻቸው። ይህ የምግብ ባህል በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከዚህ ለካማሺ የሚጠቅመው ትምህርት ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፤ በመናኸሪያውና በገበያው አጠገብ የተከለለ ጥላ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ያገለገለ ዘይት የሚሰበሰብበት በርሜልና ንጹሕ መጠቅለያ ወረቀት ለመጀመሪያው እርምጃ ይበቃሉ።

የዞኑና የወረዳዎቹ የንግድ፣ የጤናና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የመንገድ ዳር ጠባሿን እንደ ደንብ ተላላፊ ሳይሆን እንደ አምራች ሊያዩዋት ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሰሊጥና ለውዝ ሰብስበው ከሚሸጡት ጥቂቱን በአካባቢው ቢያስጨምቁ፣ የመጀመሪያዋ ቋሚ ደንበኛቸው ይህችው ጠባሽ ትሆናለች። በባግዳድ ከ800 ዓመት በፊት በሰሊጥ ዘይት ይጠበስ የነበረውን ምግብ የሰሊጥ አምራች ምድር በፓልም ዘይት እንድትጠብሰው የሚያስገድድ የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ የጎደለው መጭመቂያው፣ ሰላማዊው መንገድና ይህን እንደ ቁም ነገር የሚይዝ አመራር ነው።